የሁሉ ሰው የአንጎል ካርታ አንድ ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሥነ ሕይወት መምህር ያደረጉት ንግግር)



 በእንዲህ ያለው በዓል የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ይናገራል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ሰው አንጎል በማስተምርበት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሥዬ፣ «ይህ ቦታ እጅን ያዝዛል፤ ይህ እግርን፤ ይህ ደግሞ ንግግርን» እያልሁ በየስፍራው በጠመኔ ጻፍሁበት። ከበስተኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የሁላችንም እንደዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ደወል ሊደወል ጥቂት ብቻ ቀርቶ ስለ ነበር፣ «አዎን፣ የሁላችንም እንደዚሁ ነው» ብዬ መለስሁለትና ሰሌዳውን አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ይከነክነኝ ጀመር። መጻሕፍት ባገላብጥ፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፉትንም ጥናቶች ባነብ፣ መልሴ ትክክል እንዳልነበረ ተረዳሁ። እንዲህ ያለው ስሕተት በክፍል ውስጥ ከአንድ የፈተና ማርክ የበለጠ ጉዳት አያመጣ ይሆናል። በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ አጠገብ ግን የአንድን ሰው አንደበት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በአደባባይ የመለስሁትን ስሕተት በአደባባይ ለማረም ፈቅጄአለሁ።

በመጀመሪያ የሕመሙን ጠባይ እንመልከት። የአንድ ጎልማሳ ሰው አንጎል ቢመዘን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይሆናል። በውስጡ 86 ሺህ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ከእነርሱም ጋራ እነርሱን የሚደግፉና የሚመግቡ ሌሎች ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህ ደጋፊ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲራቡ ግሊዮማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ይፈጠራል። ይህ ዕጢ እንደ ድንጋይ ለብቻው ተለይቶ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በጤፍ ማሳ ውስጥ እንደ በቀለ አረም ሥሩን ከጤናማው ሥር ጋራ አጠላልፎ ያድጋል።

እንግዲህ ቀዶ ጥገናውን የሚያደርገው ሐኪም በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል ይቆማል። ከዕጢው ጥቂቱን ብቻ ቢያወጣ የቀረው ፈጥኖ ያድግና ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። አብዝቶ ቢቈርጥ ደግሞ ከዕጢው ጋራ የሰውየውን ንግግር ወይም የእጁን ኃይል አብሮ ሊያወጣበት ይችላል። ድንበሩ ወዴት እንደ ሆነ ዓይን ብቻውን አይለይም፤ የንግግር ስፍራ በመልኩ ከጎረቤቱ አይለይምና። ስለዚህ ሐኪሙ ካርታ ያስፈልገዋል። ካርታውንስ ከወዴት ያገኛል?

የዚህ ታሪክ መነሻ ወደ ኋላ ይሄዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ፣ መናገር ተስኖት የኖረን ሰው አንጎል ከሞተ በኋላ መርምሮ በግራው ፊተኛ ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ። በ1870 ፍሪችና ሂጺሽ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ ነክተው እግሩ ሲንቀሳቀስ አዩ። በ1874 ደግሞ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ሮበርትስ ባርቶሎው የተባለ ሐኪም በካንሰር የራስ ቅሏ ተበልቶ አንጎሏ በተገለጠ አንዲት ሕመምተኛ ላይ ይህንኑ ሞከረ። መርፌ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ሲልክ በተቃራኒው ጎን ያሉት እጅና እግር ተንቀሳቀሱ። ኃይሉን ሲጨምር ግን ሕመምተኛይቱን አንቀጠቀጣት፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሞተች። የሞያ ጓደኞቹ በብርቱ ወቀሱት። ያ ሙከራ የተደረገው ለእርሷ ፈውስ ሳይሆን ለሐኪሙ ዕውቀት ነበርና ወቀሳው ተገቢ ነው።

ይህንን ዘዴ ለሕመምተኛው ጥቅም በማዋል ስማቸው ከታወቀው ሐኪሞች አንዱ ዶክቶር ዋይልደር ፔንፊልድ ናቸው። ተወላጅነታቸው ከአሜሪካ ሲሆን፣ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ1934 የተከፈተውን የነርቭ ሕክምና ተቋም መሥርተዋል። በሚጥል በሽታና በአንጎል ዕጢ የታመሙትን ሰዎች ሳያስተኙ፣ እያነጋገሩ አንጎላቸውን በኤሌክትሪክ ይነኩና የሚሆነውን ይመዘግቡ ነበር። በ1937 ከዶክቶር ቦልድሬይ ጋራ ሆነው የብዙ ሕሙማንን መልስ በአንድነት ሰብስበው አሳተሙ። እኔም በሰሌዳ ላይ የሣልሁት ሥዕል ምንጩ ከዚያ ነው። እጁና ከንፈሩ የገዘፈ፣ እግሩ የቀጠነ ትንሽ ሰው በአንጎል ላይ ተጋድሞ የሚታይበትን ያን ሥዕል ብዙዎቻችሁ በመጽሐፋችሁ ውስጥ አይታችሁታል።

አሁን ልብ በሉ። ያ ሥዕል የአንድ ሰው ሥዕል አይደለም፤ ከብዙ ሰዎች ተውጣጥቶ የተሠራ አማካይ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ቁመት አማካይ 1 ሜትር ከ62 ሣንቲም ነው ብንል፣ ልክ 1 ሜትር ከ62 ሣንቲም የሆነ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። በዚያ ልክ ለሁሉም ዩኒፎርም ብናሰፋ ለአንዱ ያጥራል፣ ለሌላው ይጎተታል። በዩኒፎርም ሲሆን ያስቃል፤ በአንጎል ሲሆን ግን አያስቅም።

ዛሬ ሥራው እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ሲሰማው ይዘገንነዋል፤ ነገር ግን አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያምመው የራስ ቆዳውና አንጎሉን የሚሸፍነው ሽፋን ስለ ሆነ፣ እነዚህን በመርፌ ያደነዝዟቸዋል። ከዚያም ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ሐኪሙ ጫፎቹ በ5 ሚሊሜትር የተራራቁ ሹካ መሰል መሣሪያ ይዞ የአንጎሉን ገጽ እዚህም እዚያም ይነካል። የሚልከው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 አያልፍም፤ የእጅ ባትሪን አምፑል ከሚያበራው እጅግ ያነሰ ነው።

በዚህ ጊዜ ሌላ ባለሙያ ከሕመምተኛው ፊት ተቀምጦ ሥዕል ያሳየዋል። ሕመምተኛው «ይህ ቤት ነው፤ ይህ ድመት ነው» እያለ ይናገራል። መሣሪያው አንድ ስፍራ ሲነካ በድንገት ዝም ቢል፣ ወይም «ይህ… ይህ…» ብሎ ስሙ ቢጠፋበት፣ ያ ስፍራ ለንግግሩ አስፈላጊ ነው ማለት ነው። በአጋጣሚ እንዳይሆንም መልሰው መላልሰው ይሞክሩታል፤ ቍጥር የተጻፈባትን ትንሽ ምልክትም ያኖሩበታል። ኤሌክትሪኩ አንቀጥቅጥ ቢያስነሣ ቀዝቃዛ ንጹሕ ፈሳሽ አፍስሰው ያበርዱታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። እጅን በሚያዝዘው ስፍራ ኤሌክትሪኩ እጅን ያንቀሳቅሳል። በንግግር ስፍራ ግን ሰውየውን አያናግረውም፤ ይልቁንም ዝም ያሰኘዋል። በሬዲዮ የሚሰማው ጣቢያ በሌላ ድምፅ ሲታወክ ቃሉ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ሐኪሙም የሚማረው ከሕመምተኛው ቃል ብቻ ሳይሆን ከዝምታውም ጭምር ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ሲደረግ የተገኘው ውጤት ምንድር ነው? በ1989 በአሜሪካ በሲያትል ይሠሩ የነበሩት ዶክቶር ጆርጅ ኦጅማንና ባልደረቦቻቸው የ117 ሕሙማንን ውጤት አሳተሙ። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የንግግር ስፍራዎቹ ጠባብና ድንበራቸው የተለየ ሆነው ተገኙ። የአንዱን ሰው ከሌላው ሰው ጋራ ሲያስተያዩት ግን ቦታው እጅግ ተለያየ። በመጽሐፍ ላይ «የንግግር ስፍራ» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ላይ የሚነካው ሰው ሁሉ ዝም አላለም። አንዳንዱም መጽሐፍ ባልጠቀሰው ቦታ ላይ ሲነካ ቃሉ ጠፋበት።

በ2008 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ግሊዮማ ያለባቸውን የ250 ሕሙማን ውጤት አቀረቡ። ከእነዚህ ውስጥ ሲነኩ ንግግራቸው የቆመባቸው 145 ናቸው። የነገር ስም የጠፋባቸው 82፣ ማንበብ የተሳናቸው ደግሞ 23 ሆኑ። እንግዲህ ሁሉም አንድ ዓይነት ሕመም ነበራቸው፤ የተደረገላቸውም ምርመራ አንድ ዓይነት ነበር። መልሳቸው ግን አንድ አልሆነም።

ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

አንደኛው ተፈጥሮ ነው። የአንጎል ገጽ እጥፋት ከሰው ሰው ይለያል፤ ፊታችን እንደሚለያይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕጢው ራሱ ነው። ሲያድግ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ዙሪያውንም ያሳብጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ስፍራ ከነበረበት ሊሸሽ ይችላል፤ ሳይሸሽም ለኤሌክትሪክ የሚሰጠው መልስ ሊደክም ይችላል።

ሦስተኛው የዕጢው ፍጥነት ነው። ቀስ እያለ ለብዙ ዓመት የሚያድግ ዕጢ ሲሆን አንጎል ጊዜ ስለሚያገኝ ሥራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ጎረቤት ስፍራ ያዛውራል። በፈረንሳይ በሞንፔልዬ የሚሠሩት ዶክቶር ዩግ ዱፎና ሌሎች ሐኪሞች ይህን በግልጽ አይተውታል። በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ለንግግር አስፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ ሳይቈረጥ የተተወ ስፍራ፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ሲመረመር በአንዳንድ ሰዎች ሥራውን ለሌላ ስፍራ አስረክቦ ተገኝቷል። ስለዚህ ካርታው ከሰው ሰው ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰውም ዘንድ ከጊዜ ጊዜ ይለወጣል።

አራተኛው በዕለቱ ያለው ሁኔታ ነው። ሕመምተኛው የሚወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የማደንዘዣው መጠን፣ ድካሙና ፍርሃቱ ሁሉ መልሱን ይለውጡታል። ለአንዱ ሰው 2 ሚሊ አምፔር ሲበቃው፣ ለሌላው 5 ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃውን ልክ በመጀመሪያ ይፈልጋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት የራስ ቅል ሳይከፈት በማግኔት ኃይል በሚደረገውም ምርመራ እንዲሁ ነው። በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የተጀመረው ይህ ዘዴ ሥራውን የሚጀምረው የሕመምተኛውን የእጅ ጡንቻ ለማንቀሳቀስ የሚበቃውን ትንሹን ኃይል ፈልጎ በማግኘት ነው፤ ይህም ልክ ከሰው ሰው ይለያያል።

አምስተኛው እኛን ኢትዮጵያውያንን በይበልጥ የሚመለከተን ነው፤ ይኸውም ቋንቋ ነው። በ1978 ኦጅማንና ዊተከር ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሕሙማንን መርምረው፣ ሁለቱን ቋንቋዎች በጋራ የሚያገለግል ስፍራ እንዳለ፣ አንደኛውን ብቻ የሚያገለግልም እንዳለ አሳዩ። እስቲ አስቡት! በዚህ አዳራሽ ውስጥ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ጉራግኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ የሚናገር ተማሪ ስንት አለ? ለእንዲህ ያለው ሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ ሥዕል እያሳዩ ቢመረምሩት፣ ከሐኪሙ ጋራ የሚነጋገርበት ቋንቋ ሊድን፣ ከእናቱ ጋራ የሚነጋገርበት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛውን የሚመረምረው ባለሙያ፣ «ቋንቋህ ምንድር ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ቋንቋዎችህ እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

እንዲህ ሰውን በየራሱ መጠየቅ ጥቅም አስገኝቷልን? አዎን፤ አስገኝቷል። ከላይ ከጠቀስኋቸው 250 ሕሙማን ውስጥ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሳምንቱ 56ቱ አዲስ ወይም የባሰ የንግግር ችግር ታይቶባቸው ነበር። ከ6 ወር በኋላ ግን 52ቱ ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ወይም ወደ ተሻለ ተመለሱ፤ ችግሩ የቀረባቸው 4 ብቻ ነበሩ። በ2012 የታተመ ሌላ ጽሑፍ የ8,091 ሕሙማንን ታሪክ ከብዙ ጥናቶች ሰብስቦ አመዛዝኗል። አንጎላቸው በኤሌክትሪክ እየተመረመረ ከተቀደደላቸው መካከል ከባድና የማይለቅ ጉዳት የደረሰባቸው ከመቶ 3.4 ሲሆኑ፣ ያለዚህ ምርመራ ከተቀደደላቸው ግን ከመቶ 8.2 ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች በዕጣ የተለዩ ስላልነበሩ ቍጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ቢሆንም አቅጣጫው የታወቀ ነው።

ነገር ግን እውነትን የሚናገር ሰው የዘዴውን ወሰንም መናገር አለበት። ይህን ወሰን ዶክቶር ፔንፊልድ በገዛ ቤተ ሰባቸው አይተዋል። በ1928 ከእኅታቸው አንጎል ዕጢ አወጡ፤ ለዚህም ሲሉ የቀኙን ፊተኛ ክፍል አብዛኛውን መቍረጥ ግድ ሆነባቸው። እኅታቸው ትናገር፣ ትራመድ፣ ታስታውስም ነበር። በኋላ ግን አንድ ቀን እንግዳ ጠርታ ለቤተ ሰቡ ራት ልትሠራ ተነሣች። ሰዓቱ ሲደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ግራ ገብቷት ተገኘች። የሚበላው ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አንድ ሁለቱ ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ ሥጋው ግን ገና አልተጀመረም። ምኑን አስቀድማ ምኑን እንደምታስከትል ማቀድ ተስኗት ነበር። በኋላም ዕጢው ተመልሶ አድጎ ሕይወቷ አለፈ። ወንድሟ ሐዘናቸውን ሳይሸሽጉ ነገሩን በ1935 በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉት፤ ሌሎች እንዲማሩበት።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? የኤሌክትሪክ ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ይህ ድመት ነው» ማለት የሚችል ሰው ሁሉ ራት አሰናድቶ እንግዳ መቀበል ይችላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው አስቀድመው፣ «ሥራህ ምንድር ነው? ከምንም በላይ እንዳይጠፋብህ የምትፈልገው ምንድር ነው?» ብለው ሕመምተኛውን ይጠይቃሉ። ለአንዱ ማንበብ ነው፤ ለሌላው የእጁ ጥበብ ነው፤ ለሌላው ዜማ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይዛችሁት የምትሄዱት አንድ ምክር ልጨምር። ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ ስለዚህ አትደንግጡ። ነገር ግን ቀድሞ ያልነበረበትን ሰው የሚጥል በሽታ ቢነሣበት፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ጧት ጧት ከማስታወክ ጋራ ቢመጣ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ቢደክም፣ ቃል ቢጠፋበት፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ከሚጎዳው ነገር አርቃችሁ፣ በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ጠብቁት። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ማሠልጠን በ2006 ተጀምሮ፣ የአገር ልጆች በዚህ ሞያ ተመርቀው በሥራ ላይ ይገኛሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ባለፈው ዓመት የጠየቀኝ ተማሪ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን ጠርቼ ላሳፍረው አልፈልግም፤ የሚያፍርበትም ነገር የለውም። ልጄ ሆይ፣ ለጥያቄህ የሚገባው መልስ ይህ ነው፦ የሁላችንም አንጎል በትልቁ ሥርዓቱ ይመሳሰላል፤ በዝርዝሩ ግን የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው። ሥዕሉ ከየት መፈለግ እንደምንጀምር ያሳየናል እንጂ የምንፈልገው ነገር የት እንዳለ አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ሕመምተኛው ራሱ ነው።

እናንተም ወደ ፊት ሐኪም፣ መምህር ወይም ዳኛ ስትሆኑ አማካዩን ዕወቁት፤ ያለ እርሱ ሥራ አይጀመርምና። ነገር ግን ከፊታችሁ ያለውን ሰው ሳትጠይቁ አትቍረጡ። እኛም መምህራን ደወል ሊደወል ነው ብለን ለጥያቄ የተቻኰለ መልስ አንስጥ፤ የማናውቀው ቢሆን «ነገ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ትምህርት ቤታችን ገና ብዙ በዓል የሚያከብርና ደፍረው የሚጠይቁ ልጆች የሚወጡበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።